የነሐሴው ውሃ ለሚያዝያ

እንዴት ዋላችሁ ጎንደሮች፣ አባቶች እናቶች በጤና ነው? የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ሰላምታውን ላሳጥረው።

እኔ ያደግኩት ደምቢያ ነው፣ ሜዳው ላይ። አንድ ነሐሴ ሌሊት የመገጭ ወንዝ ሞልቶ ቤታችን ገባ። አያቴ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ጎታው ነበር፣ ጎታ መቼም ታውቃላችሁ፣ በጭቃና በጭድ የሚሰራ ነው፣ ውሃ ሲነካው ከስር ይሟሟል፣ እና ልትደግፈው ስትል እጇ ላይ ፈረሰ፣ የዓመት ጤፋችን ከደፈረሰው ውሃ ጋር በበሩ ሲወጣ በኩራዝ ብርሃን አየሁት። ሚያዝያ ላይ ደግሞ እቺው አያቴ የመገጭን አሸዋ ጭራ በጣሳ እየጨለፈች ጀሪካን ትሞላ ነበር። ያው ወንዝ ነውኮ! እኛ ዝናብ አላጣንም፣ ክረምት ላይ ይወርድና ማሳችንን አጥቦ ጣና ይገባል።

በ1998 ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በውሃ ተዋጡ፣ በዛው ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፣ ኦሞም ሞልቶ ዳሰነች ላይ ብዙ ሰው አለቀ። ዛሬ ርብ ወንዝ ላይ 234 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ እንዲይዝ የተሰራ ግድብ አለ፣ የቆጋ ግድብም 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ነው የተሰራው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጎርፍ የሚይዝ ግድብ ክረምት ሲገባ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል፣ ለመስኖ ደግሞ መስከረም ላይ ሙሉ ሆኖ ነው የሚፈለገው፣ ስለዚ መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ ታች ያለው ገበሬ አስቀድሞ በስልክም በቀበሌም ሊነገረው ይገባል፣ ሳይነገረው ከተለቀቀበት ግድቡ ራሱ ጎርፍ ሆነበት ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ደለል ነው። ሩቅ አትሂዱ፣ አንገረብን እዩት። ይሄ ከተማ የሚጠጣው ግድብ ነው፣ ውሃ መያዝ የነበረበትን ቦታ አፈር እየወሰደበት ነው፣ እኛም በየሰፈሩ ጀሪካን ደርድረን ቧንቧው መጣ አልመጣ እያልን እናድራለን። አፈሩ ከየት መጣ? እስከ ጫፉ ከታረሰው፣ እርከን ከሌለው ተራራ ነዋ! ስንት ዓመት የጠበቅነው የመገጭ ግድብም ለመስኖም ለከተማውም ውሃ ተብሎ የታሰበ ነው፣ ከላይ ያለው ተፋሰስ ካልተያዘ እሱንም አፈር ነው የሚሞላው።

ላይ ያለውን ገበሬ ግን አትውቀሱት። ውሃውን የምንጠጣው እኛ ነን፣ እርከን ስራ ሲባል ከጠባቧ ማሳው ላይ የሚቆረስበት እሱ ነው፣ በምን ዕዳው? በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ዘመቻ ወጥቶ ድንጋይ መካብ ጥሩ ነው፣ ግን ለእርከኑ የሚሆን የከብት መኖ ሳር ይሰጠው፣ ለጉልበቱም ይከፈለው። እኔ በበኩሌ ከውሃ ቢሌ ላይ በየወሩ ትንሽ ተቆርጦ ለሱ ይሂድ ብባል ደስ እያለኝ እከፍላለሁ። እናንተስ?

ከላይ ከተራራው የመጡ አባቶች ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ስንት ቢሰጣቸው እንደሚበቃቸው ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል፣ ማይኩን ለነሱ ልስጥ። አመሰግናለሁ።