ቀብር የቀረሁበት ቀን፦ በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊያችን፣ ገንዘብ ያዣችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እንኳን በደህና ተገናኘን።

ዳኛችን ባለፈው ሳምንት ደውለው «መምህርት፣ ድነው በእግርዎ ቆመዋል፤ ለአባላቱ የምስጋና ቃል ይናገሩልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ሳልዘጋጅ ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ ዛሬም ጽፌ ነው የመጣሁት። ነገር ግን ስጽፍ ምስጋናው በግማሽ ገጽ አለቀ። ብዕሩ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ያንንም ሳልናገር ብቀመጥ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላድርስ። ጉልበቴን በቀዶ ሕክምና አስቀይሬ ከሆስፒታል ስመለስ ከፊትና ከኋላ ሆናችሁ ደረጃውን ያወጣችሁኝ የብሎካችን ወጣቶች፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ውሃ ፎቅ ሳይደርስ ሲቀር በጀሪካን እየተሸከማችሁ ያመጣችሁልኝም እናንተው ናችሁ። አጥሚት አፍልታችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ አልጋዬ ድረስ የመጣችሁ ጎረቤቶቼ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። የእቁቤ ሴቶች፣ የእናንተን ነገር ቆይቼ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ሌላው ልግባ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር። መብራቱ ይመጣል ይሄዳል። ግን የራሳችን ቤት ነበረን፤ ቁልፍ ይዘን አልቅሰናል። ዕጣ ሲወጣ ፎቅ አይመረጥም፤ ለእኔ አራተኛ ደረሰኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ አየሩን ስቀበል ደስ አለኝ። ሊፍት የለም፤ ደረጃው ሰባ ሁለት ነው። ያኔ ማናችንም አልቆጠርነውም። ጉልበት ነበረና።

ጉልበቴ መታመም የጀመረው ሃምሳ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ነው። መጀመሪያ ስወርድ ብቻ ነበር የሚያመኝ። ጠዋት ስነሳ ይተሳሰራል፤ ትንሽ ስንቀሳቀስ ይፈታል። ከዚያ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ከዚያ ማበጥ። ከዚያ በሌሊት መቀስቀስ።

ምን ተባልኩ መሰላችሁ? «ብርድ ነው፣ ጉልበትሽን ሸፍኚ» አሉኝ። ሸፈንኩ። «ሪህ ነው፣ ሥጋና ምስር ተዪ» አሉኝ። ሁለት ዓመት ተውኩ። ሪህ ሌላ በሽታ ነው፤ የእኔ እንዳልሆነ ያወቅሁት በደም ምርመራ ነው፣ ያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ። ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ። ያበጠውን ጉልበት አሽቶ አጠማዘዘው፤ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ቅባት አመጣልኝ። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እየገዛሁ እንደ ምግብ ዋጥኩ። ጨጓራዬ ደማ። ይህን ከእናንተ ውስጥ ዛሬም የምታደርጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቦርሳችሁ ውስጥ አለ። መድኃኒቱ ያስታግሳል። ግን ሳያቋርጡ ሲወስዱት ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እባካችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱት።

ሐኪም ጋም ሄጃለሁ። የጤና ተቋሙን ስም አልጠራም። ወጣት ባለሙያ ነው። ጉልበቴን አልነካም፣ ራጅ አላዘዘም። ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል «እርጅና ነው እናቴ፣ እንግዲህ ይቻሉት» አለኝ። ወጣሁ። ያመንኩትም እሱን ነው። ቤቴ መጥቼ ለልጆቼ «እርጅና ነው አሉኝ» አልኩ፤ እነሱም አመኑ። በበዓል የልጅ ልጆቼ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በእጄ እከለክላቸው ነበር። የምወደውን ሰላምታ ፈራሁት። ሲነካ ያመኛላ!

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ግራውንድ ላይ የምትኖረው ጓደኛዬ ዐረፈች። ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። ከገባን ቀን ጀምሮ ቡና አብረን የጠጣን ነን። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምወርደው። በኋላ ስወርድ ሲያመኝ እሷ ጀበናዋን ይዛ ትወጣ ነበር። በመጨረሻ የእሷም ልብ ደከመ፣ መውጣት አቃታት። ያኔ እሷ ከታች በረንዳዋ ላይ፣ እኔ ከላይ መስኮቴ ላይ ሆነን በስልክ እናወራለን። በአንድ ሕንፃ ውስጥ! እጅ እያውለበለብን።

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ጩኸቱን ሰማሁ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ወዲያው አወቅሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ቀኝ ጉልበቴ በዚያ ሳምንት አብጦ ነበርና መታጠፍ አልቻለም። የደረጃውን ግድግዳ ይዤ በአንድ እግሬ ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ቁጭ አልኩ። ደረጃው ላይ፣ በጨለማ። ለቅሶው ከታች ይሰማኛል። ተጣርቼ ነበር፤ በዚያ ዋይታ ማን ይሰማኛል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሐጂ ለሶላት ሲወጡ አገኙኝ። እጄን ይዘው ወደ ታች ሊያወርዱኝ ሞከሩ፤ አልሆነም። ሰው ጠርተው በወንበር አስደርገው ወደ ቤቴ መለሱኝ። እሳቸውም ጉልበታቸው ታሞ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ነው የሚሰግዱት፤ አሁን እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይመሰክራሉ።

ጓደኛዬ ስትሸኝ በመስኮት አየሁ። ድንኳኑን ከላይ አየሁ። ሳጥኑ ሲወጣ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ።

በወሩ መጨረሻ የእድራችን ደረሰኝ መጣልኝ። «ቀብር ስለቀሩ፣ ቅጣት 50 ብር።»

ከፈልኩ። ጉልበቴ ነው ብዬ አልተከራከርኩም። አፈርኩ። ደንቡ ደንብ ነው፤ ደንቡን ስናጸድቅ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ግን ያቺን ደረሰኝ አልጣልኳትም። ይኸው፣ ይዣት መጥቻለሁ።

እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ክፉ ሰዎች አይደላችሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኔ ብሞት እድራችን ለልጆቼ 20,000 ብር ይሰጣል። ድንኳን ይተክላል። ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። ከአራተኛ ፎቅ ሬሳዬን ለማውረድ ስድስት ጎረምሳ ይመደባል። በሕይወት እያለሁ ግን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ «መምህርት ለምን አትታይም?» ብሎ በእድራችን ስም አንድ ሰው አላንኳኳም! ሁላችንም የምንጠብቀው ሞትን ነው። ያ ወጣት ባለሙያ «እርጅና ነው» ሲለኝ፣ እኛም በደንባችን ያንኑ ነው የምንለው። ቁጭ ብለሽ ጠብቂ፣ ስትሞቺ እንመጣለን ነው የምንለው!

ይህን እኔ አልቀበልም። ጉልበት መታመም እርጅና አይደለም። በሽታ ነው። ስም አለው፣ ሕክምና አለው።

ከቅጣቱ በኋላ የእቁቤ ሴቶች ሰሙ። እቁባችን ውስጥ ሃያ አራት ነን። አንዷ «ተራው ለመምህርት ይሁን» አለች፤ ሌሎቹ ተስማሙ። የወሩን ገንዘብ ሰጡኝ፤ የሚቀጥለውንም ወር እንዲሁ። ውጭ አገር ያለች እህቴ ጨመረች። ልጄ የቆጠበውን አወጣ። ጉልበት ሲቀየር የሚገጠመው ዕቃ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ከባድ ነው፤ ከጡረታ አበል የሚወጣ አይደለም። በእናንተ ነው የቆምኩት እህቶቼ። ስማችሁን አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የአጥንት ስፔሻሊስቱ ራጄን መብራት ላይ አድርጎ አሳየኝ። ልጄ ሾፌር ነው። ገና ሲያየው «እማዬ፣ ኩሽኔታው አልቆ ብረት ለብረት እየተፋጨ ነው» አለ። ሐኪሙ «በትክክል» አለው። በአጥንቶቹ መካከል እንዳይፋጩ የሚያደርግ ልም አጥንት አለ። የእኔ አልቋል፤ በሽታው ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው እንደ ቆዳ በቀላሉ አይጠግግም። አጥንት አጥንትን ሲነካ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ሕመም።

ሁሉም ሰው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ይህን ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሮኛል። ቶሎ የመጣ ሰው የጭን ጡንቻውን በማጠንከር፣ ክብደት በመቀነስ፣ ከዘራ በመያዝ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንድ ኪሎ ስንቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ተሳስቼ ነበር የያዝኩት። ማን ነገረኝ?

«ጉልበት ይቀየራል» ሲባል እግር ተቆርጦ የሚወጣ የሚመስላችሁ አላችሁ። እኔም መስሎኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። የተበላሸው የአጥንት ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይላጣል። በላዩ ላይ የብረት ሽፋን ይገጠማል። በመካከል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ብዙውን ጊዜ በልዩ ሲሚንቶ ይጣበቃል። የራሳችን ጅማትና ጡንቻ እዚያው ነው። ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ነቅቼ ነበር፤ ሲመቱ ድምፁን እሰማለሁ፣ ሕመም ግን የለም። ሁለት ሰዓት አልሞላም። ሕክምናውም ትናንት የመጣ አይደለም፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች ከመቶ 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። እኔ አሁን 70 ዓመቴ ነው። ይበቃኛል።

አልዋሻችሁም፣ ከባድ ነው። በማግሥቱ ዎከር በተባለው መደገፊያ አቆሙኝ፤ አለቀስኩ። የመጀመሪያው ወር እንቅልፍ የለም። ፊዚዮቴራፒው ከቀዶ ሕክምናው ይብሳል። ጉልበቱን እንዲታጠፍ፣ እንዲዘረጋ በየቀኑ ማስገደድ አለባችሁ፤ «ያመኛል» ብሎ የተኛ ሰው ጉልበቱ እንደ እንጨት ደርቆ ይቀራል። ለሳምንታት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወስጃለሁ። ባታችሁ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው የሚሮጠው። ከአምስት ሰው አንዱ ደግሞ እንደጠበቀው አይሆንለትም። ይህንንም አውቃችሁ ግቡ። እኔ በጉልበቴ መንበርከክ አልቻልኩም፤ የስቅለት ዕለት ሰው ሲሰግድ ቆሜ ጸለይኩ። ግን ቆሜ ነው! በእግሬ ሄጄ ነው!

ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ የታከመው። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን አስጠናችኝ። ሰባ ሁለቱን ደረጃ እንዲህ እያልኩ ነው የምመላለስበት። ባለፈው ወር ጓደኛዬ መቃብር ላይ ሄጄ አፈሩን ነካሁት።

ዳኛችን ሰዓት እያዩ ነው፤ አውቃለሁ። የምጠይቀውን ልናገርና ልጨርስ።

ታሞ ቀብር የቀረ ሰው አይቀጣ። አንድ መስመር ነው፣ ደንቡ ላይ ይግባ።

የብሎኮቻችን የደረጃ መደገፊያ ብረት በብዙ ቦታ ተነቅሏል። በእኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጭራሽ የለም። ይበየድ።

ለስብሰባና ለቡና ዝቅተኛ በርጩማ ብቻ አታቅርቡ፤ ወንበርም ይኑር።

ዋናው ግን ይህ ነው። ከየወሩ መዋጮ ትንሽ ተቀንሶ ለሕመምተኛ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ። ቀዶ ሕክምና መክፈል አንችልም፤ ራጅ ማስነሻና ትራንስፖርት ግን እንችላለን። ማን ቤት ውስጥ ታስሮ እንደሚውል የሚያይ ሰው በየብሎኩ ይመደብ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። አሁን ስናገር በመስኮት የሚያዩን አሉ።

ጸሐፊያችን፣ ሃሳቤን በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፉልኝ። ዳኛችን፣ ድምፅ ይሰጥበት። ድምፅ እስኪሰጥ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።