ረቡዕ ደሴ፣ ሰኞ ባቲ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ከኋላ የምትሰሙት ዝናብ ነው። የደሴ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይኩን አይምርም። ቻሉት።

ሰሞኑን የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ሆኗል። "ወደ ወሎ ልንመጣ ነው፤ አሪፍ ምግብ ቤት ጠቁመን፣ ሎኬሽን ላክልን።" እኔ ደግሞ መልሼ "መቼ ነው የምትመጡት?" እላለሁ። አንዷ "ሎኬሽን ስጠይቅህ ቀን ትጠይቀኛለህ እንዴ?" ብላኛለች። እውነቷን ነው፣ ግራ ያጋባል። ግን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠቁም? ጾም ነው? ረመዳን ነው? የገበያ ቀን ነው? ጠዋት ነው ማታ የምትደርሱት? እዚህ አገር ምግብ ቤት በቀኑ ነው። ረቡዕ ጣት የሚያስቆረጥመው ቤት ሐሙስ ብትሄዱበት ሌላ ቤት ነው።

ከረቡዕ ልጀምር። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ ቤት አለ። ስሙን አልናገርም፣ ምክንያቱም ስም የለውም። ጽሑፍም ሥዕልም የሌለው የቆርቆሮ በር ነው። ገብታችሁ ጠባብ ግቢ ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ። ባለቤቷን ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላቸው። ሜኑ የለም። "ስንት ናችሁ?" ብለው ይጠይቃሉ፣ በቃ። ትሪው ይመጣል። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በቀይ ስር፣ አዚፋ፣ ዳር ላይ ደግሞ ስልጆ። ተጋቢኖው ለብቻው በሸክላ እየተንተከተከ ይከተላል። እትዬ ሲያስቀምጡት "ቆዩ፣ ይብረድ፣ ምላሳችሁን ታቃጥላላችሁ" ይላሉ። የሚቆይ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ስልጆው ላይ ትንሽ ልቆይ። ስልጆ ዛሬ አምሮኝ ዛሬ ልሥራው የሚባል ነገር አይደለም። የባቄላ ዱቄት፣ የሱፍ ውሃ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፤ ከዚያ ለቀናት ይቦካል። አፍንጫ ላይ ወጣ የሚል፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሲሆን ደረሰ ይባላል። ስለዚህ የረቡዕ ስልጆ ሥራው ከረቡዕ ብዙ ቀድሞ ይጀመራል። እትዬም ማሰሮውን የሚያሰሉት በረቡዕና በዓርብ ነው፤ ጿሚው የሚበዛው ያኔ ነዋ። ሰው ሲበዛ ድስት ይለወጣል። አንድ ጎመን ሲያልቅ ሌላ ጎመን ይጣዳል። ማክሰኞ ብትሄዱ ያው ጎመን ጠዋት ተሠርቶ እስከ ማታ እየሞቀ ይጠብቃችኋል። ሙያው አልጠፋም። በላተኛው ነው የጠፋው።

ረቡዕን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ጓደኞቼ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ናቸው። ደሴ ያደገ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ሥጋ ያማረን ቀን ነገሩ ይወሳሰባል። የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤት አለ፤ በሩ ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል ታያላችሁ። ማንም ማንንም አያስገድድም፣ እኛም እንከፈላለን፣ ከበላን በኋላ ሻይ ላይ እንገናኛለን። የጾም ቀን ግን አንድ ትሪ ነው። ሽሮ ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም። የጾመውም ያልጾመውም፣ ሰግዶ የመጣውም አብሮ ይቆርሳል፣ ይጎራረሳል። ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው ስለ ወሎ መቻቻል ረጅም ንግግር ሲያደርግ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሰለቸኛል። ንግግሩን ይተወውና ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ እትዬ ቤት ይምጣ። ቦታ ካገኘ ማለት ነው።

ደግሞ ይህቺ ከተማ ሰብሰብ ብሎ መብላት ዛሬ አልጀመራትም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እኮ የግብር ማብያ አዳራሽ ነው፤ ያ ሁሉ ግንብ የቆመው ለምሳ ነው። ደሴ ለሆዷ አትታማም።

ረመዳን ሲሆን ደግሞ ካሌንደሩ ይገለበጣል። ቀን የመጣ እንግዳ "ከተማው ተዘግቷል" ብሎ ያማርራል። አልተዘጋም፣ ሰዓቱን አልጠበቀም እንጂ። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራዳ ብትወጡ መንገዱ ዳር ዘይት ተጥዶ ሳምቡሳ ሲገላበጥ ታያላችሁ። ሰው ይገዛል፣ በፌስታል ይዞ ይሮጣል። መግሪብ ሊል ሲቃረብ መንገዱ ጭር ይላል፤ ታክሲ እንኳ አታገኙም። ከዚያ ቴምር፣ ሹርባ፣ ሳምቡሳ። ተራዊህ፣ የረመዳን የማታው ሶላት፣ ካለቀ በኋላ ሻይ ቤቶቹ እንደገና ይሞላሉ፣ ሌሊቱ ደግሞ በሻይና በወሬ ይነጋል። በሌላው ወር ደሴ በጊዜ የምትተኛ ከተማ ናት። ብርዱ ነው። ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠን ውጭ ወንበር ዘርግቶ ማምሸት አይታሰብም። ሙዱ ያለው ውስጥ ነው፤ ከከሰሉ አጠገብ፣ ከጀበናው አጠገብ።

እሺ፣ ከደሴ እንውጣ። ወደ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። ብዙ ሰው ሐይቅ የሚሄደው ለእስጢፋኖስ ገዳም ነው፣ ወይ ለሽርሽር። እኔ ለዓሣ ነው። ሐይቅ ደግሞ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። መረብ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሳል። ረፋድ ላይ የደረሰ ሰው ጠዋት የወጣውን ይበላል። ከሰዓት በኋላ የደረሰ የተረፈውን ይበላል። "ሐይቅ ዓሣው እኮ እንደሚባለው አይደለም" ያለኝን ሰው ሁሉ ስንት ሰዓት ሄድክ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ይለኛል። ታዲያ ምን ይጠበቃል?

ውኃው ዳር ያሉት ቤቶች ነገር የላቸውም። ላስቲክ ወንበር፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ፣ ትልቅ መጥበሻ። ቆሮሶውን ቅርፊቱን ገፈው፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተው፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገው ጨው ይነሰንሱበታል። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ አይከቱትም፤ እዚህ ላይ የሚቸኩል ቤት ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ይወጣል። ያልቸኮለ ቤት ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ጅራቱ እንደ ብስኩት ይሰበራል፣ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ነው። ሎሚ፣ አዋዜ፣ ቃሪያ፣ እንጀራ ወይም ዳቦ። ሹካ የሚጠይቅ ሰው ካለ ይስቁበታል። በጣት ነው፣ ከአጥንቱ እየለጣችሁ። ዝም ብላችሁ ነው የምትበሉት፤ ወሬ ከያዛችሁ እሾህ ይይዛችኋል።

ዓሣም እንደ ሽሮው ነው፤ ባራኪ አይጠይቅም። አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ፤ እኔ ውስጥ የለሁበትም።

አሁን ቁልቁል እንውረድ፣ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን አየሩ ሌላ አገር ነው። ከደሴ ስትነሱ የለበሳችሁትን ጃኬት እዚያ ስትደርሱ ክንዳችሁ ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ። ኮምቦልቻ የማታ ከተማ ናት። ሙቀቱ በረድ ሲል ግቢዎቹ ውኃ ይረጫሉ፣ ወንበር ይወጣል፣ ጥብሱ ይሸታል። ቢራው የከተማው ነው፤ የጊዮርጊስ ቢራ አንዱ ፋብሪካ እዚያው ነው። የማይጠጣ አምቦ ውኃውን ይዞ ይቀመጣል፤ ደግሞ ቀሪቦ፣ ያ የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ የሚያቀርብ ቤት ካገኛችሁ አትለፉት። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ያ ግቢ ዝንብና ፀሐይ ነው። አንድ ጊዜ እንግዳ ይዤ በቀትር አንድ ትልቅ ሆቴል ገባሁ። ሜኑው የመጽሐፍ ውፍረት አለው። "ላዛኛ?" የለም። "ሮስቶ?" የለም። "እሺ ምን አለ?" ስንል አስተናጋጁ "ሜኑው ላይ ያለው በሙሉ አለ" አለን። አሁንም ስናስበው እንስቃለን።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ምክር ትሰማላችሁ፤ "ከባድ መኪና የቆመበት ቤት ግባ።" የጅቡቲ መንገድ ስለሆነ ተሳቢ ሞልቷል፣ ምክሩም ያምራል። እኔ ግን አላምንበትም። ሹፌር መጀመሪያ የሚያየው ማቆሚያና ጥበቃ ነው። ያን የሚያክል መኪና ይዞ ለጥብስ ብሎ ጠባብ መንገድ ውስጥ አይገባም። ይልቅ ረዳቶቹን ተከተሉ። ሹፌሩ ሲያርፍ ረዳቱ በእግሩ ውስጥ ለውስጥ ይጠፋል። ከኪሱ ከፍሎ፣ ጠግቦ፣ ቶሎ መመለስ አለበት። እሱ የሚገባበት ቤት አያሳፍርም።

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ባቲ። ስለ ባቲ አጭር ነኝ፤ ሰኞ ሂዱ። ሰኞ ገበያ ነው። አፋሩ ግመሉን ነድቶ፣ ኦሮሞው ከዙሪያው ገጠር፣ አማራው ከደጋው ወርዶ ይገናኛሉ። የፍየል ጥብሱ የዕለት ነው፣ የማሽላ እንጀራው ትኩስ ነው፣ የግመል ወተት የሚሸጥበት ጥግም አይጠፋም። በጠዋት ግቡ፤ ቀትር ላይ ሙቀቱም አይቻል፣ ገበያውም ይበተናል። ማክሰኞ የሄደ ሰው ስለ ባቲ ምግብ ቤት ምንም ሊነግረኝ አይችልም፤ አላየውማ። ባቲ የሚባለውን የዘፈን ቅኝት በሬዲዮ ሰምቶ የመጣ ሰው ደግሞ ዘፈኑ ከየመስኮቱ የሚወጣ ይመስለዋል። ከየመስኮቱ የሚወጣው ጢስ ነው።

ላሊበላን መዝለል አልችልም፣ ትቆጣላችሁ። እዚያ ቀኑ የሚለካው በወቅት ነው። ገና ሲደርስ፣ ታኅሣሥ 29 ዙሪያ፣ ከተማው በምእመን ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ወጥ ቤቱም አቅሉን ይስታል። እኔ የምወደው ከዚያ ውጭ ያለውን ጊዜ ነው፣ በተለይ የቅዳሜ ገበያውን። ቤን አበባ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ አንዲት ስኮትላንዳዊትና ኢትዮጵያዊ አጋሯ ተራራ ጫፍ ላይ የሠሩት፣ ቅርፁ ምን እንደሆነ ለመናገር የሚያስቸግር ሕንፃ። እዚያ የሚኬደው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው፣ ከዚያ በፊት ንፋስ። ማታ ደግሞ ጠጅ ቤት፣ ብርሌና መሰንቆ። አዝማሪው ስማችሁን ጠይቆ በግጥም ሲያነሳችሁ ኪሳችሁን ዳብሱ።

ግን አንድ ነገር ላንሳ። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቱሪስቱ ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ስንት ቤት ተዘረፈ፤ ድስትና ወንበር እንኳ አልቀረም። ወልድያም፣ ላሊበላም እንደዚያው። ከቱሪስት ላይ ብቻ ይኖር የነበረ ቤት ብዙው በሩን ዘግቶ ቀረ። እትዬ በበኩላቸው ከጎረቤት ድስት ተውሰው ነው የጀመሩት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽሮና እንጀራ ብቻ ነበር፣ ሌላ ምንም። ሰው ግን መጣ። ሳህን ስላልነበረ ከቤቱ ሳህን ይዞ የመጣ ሁሉ ነበር። ሒሳብ ስንጠይቅ "ያላችሁን" ይሉ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ሒሳብ ነው፣ ከዋጋው በላይ ከፍለህ ነው የምትወጣው።

አንዳንዴ "ለምን ቲክቶክ ላይ አታወጣቸውም?" ትሉኛላችሁ። አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። "ልጄ፣ ያለኝ አግዳሚ ይኸው ነው። ማንን አስነስቼ ማንን ላስቀምጥ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ብያለሁ፣ የቀረውን ጠያይቃችሁ ድረሱበት። የሰፈሩ ልጆች ያሳዩዋችኋል።

በሉ እንግዲህ። አንድ አድማጭ ከወልድያ ጽፎልኛል። መናኸሪያው አካባቢ ዱለት የሚሠራ ቤት አለ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል ይላል። ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ልንነሳ ነው። መኪናው የጓደኛዬ ነው፣ ነዳጁ የእኔ፣ እንቅልፉ የሁለታችንም። ካለቀብን ስሙንም አልነግራችሁም። ደህና ሰንብቱ።