ቁልፉ

እሺ… መቅዳት ጀምሯል መሰለኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? የጀበናው ድምፅ ይሰማችኋል፣ ታውቁታላችሁ፣ እማዬ ናት።

የአባዬን ነገር ደግሜ አላወራም። ስለ ሞተሩ ቁልፍ ግን ካላወራሁ እንቅልፍ የለኝም።

ትናንት ማታ ታናሼ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ ደንሎፕ ቤተሰብ አወራኝ። የሰሜን አየርላንድ ሞተረኞች ናቸው። ውድድራቸው ሌላ ጊዜ መኪና በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ግንብ አለ፣ ዛፍ አለ። ጆይ ደንሎፕ «ማን» በምትባል፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለች ደሴት ላይ 26 ጊዜ አሸንፏል። እዚያ አንዱ ዙር ብቻ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ከፒያሳ ተነስቶ ቢሾፍቱን አልፎ እንደመሄድ በሉት።

ደግሞ ይሄ ሰውዬ ቫኑን በምግብና በልብስ ሞልቶ፣ ራሱ እየነዳ፣ ሩማንያ ድረስ ለሕፃናት ማሳደጊያ ይወስድ ነበር። እዚህ ጋ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በፈረንጆቹ 2000፣ በ48 ዓመቱ፣ ማን ደሴት ላይ ሦስት ውድድር አሸነፈ። ወር ሳይሞላው ኢስቶኒያ ውስጥ፣ በዝናብ፣ ዛፍ ገጭቶ ሞተ።

እኔን የያዘኝ ግን ወንድሙ ሮበርት ነው። በ2008 እዚያው አገሩ ለውድድር ሲለማመድ ሞተ። ልጆቹ ዊልያምና ማይክል በሁለተኛው ቀን ለዚያው ውድድር ቀረቡ። አዘጋጆቹ ሊያስቀሯቸው ሞከሩ፣ አልሰሙም። የዊልያም ሞተር ተበላሸ። ማይክል፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ አሸነፈ። አባቱ ገና አልተቀበረም።

ታናሼ ይህን ነግሮኝ ዝም አለ። ለምን ነገረኝ?

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ የአባዬ ሠልስት ዕለት ነው። ድንኳኑ አልፈረሰም። ታናሼ በሩ ላይ ቆሞ መዳፉን ዘረጋ።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ። ቁልፉ ጫፉ ላይ ተቋጥሯል። በጨርቁ ውስጥ ጨብጬዋለሁ፣ ጥርሱ ይወጋኛል።

«የት ልትሄድ?»

«በቸርችል ልውረድ። አንዴ ብቻ፣ በናትሽ።»

አባዬ በየጠዋቱ የሚወርድበት መንገድ ነው፣ ከማዘጋጃ እስከ ለገሃር።

«እኔ ጋ የለም» አልኩት።

ቋጠሮውን አየው። እርግጠኛ ነኝ፣ አይቶታል። እጁን ግን ወዲያው አልመለሰም። እንደተዘረጋ ቆየ፣ ቆየ… ከዚያ ጎንበስ ብሎ የድንኳኑን ወንበር መደርደር ጀመረ። አንድ ቃል አልተናገረም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ልክ ነበርኩ እላለሁ። ዊልያምም እኮ በ2018 ልምምድ ላይ ሞተ። እናታቸውን አስቧት፤ ባሏን፣ ከዚያ ልጇን። ግን ማይክል በሕይወት አለ። በ2024 የአጎቱን 26 ድል አልፏል። ያን ቀን ቢያስቀሩት ኖሮ… እንጃ። ምናልባት እኔ ያዳንኩት ታናሼን ሳይሆን… ተዉት።

ሞተሩ አሁንም ደረጃው ሥር ነው፣ ሸራ ለብሶ። ቆሞ ስለከረመ ጎማው ተንፍሶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ሸራውን ገለጥ አደረግኩት። ጎማው ተነፍቷል። ሁለቱም።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። አልጠየቅኩትም። እሱም…

አቤት እማዬ? መጣሁ። ቡናው ደርሷል። ቆይ፣ እሱም ገብቷል መሰለኝ፣ በሩ…