ከመጠጣታችሁ በፊት ተናገሩ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ለዕድር አባላት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሊቀመንበራችን "አንተ ራጅ ክፍል ስለምትሠራ አንድ ነገር ንገረን" ብለውኝ ነው የመጣሁት። ብዙ ማውራት ይቻል ነበር። እኔ ግን የያዝኩት አንድ ጉዳይ ነው፤ ጨጓራው ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ለምርመራ ስለሚጠጣው ፈሳሽ። ጠባብ ነገር ይመስላል። ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ብዙዎቻችሁ ወይ ታማችሁ፣ ወይ አስታማችሁ፣ ወይ ልትጠይቁ ሄዳችሁ አንድ ቀን ትገናኙታላችሁ። በሽተኛ መጠየቅ ደግሞ ድሬ ያውቅበታል።

መጀመሪያ ምንነቱን ልንገራችሁ። ራጅ አጥንትን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ጨጓራና አንጀት ግን ዙሪያቸው ካለው ሥጋ ጋር ተመሳስለው ይጠፉበታል። ስለዚህ ጨረሩን የሚያግድ ፈሳሽ ይጠጣል። ፈሳሹ የሄደበት መንገድ ሁሉ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እኛ ኮንትራስት እንለዋለን፤ ሰው "የሚጠጣው መድኃኒት" ይለዋል። አያድንም፣ እንዲታይ ብቻ ነው የሚያደርገው። ጨረርም የለበትም። "ጨረር ጠጥቻለሁ" ብሎ ልጁን ማቀፍ የፈራ አባት አጋጥሞኛል፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረው ኖሮ እንደዚያ ባልተጨነቀ ነበር።

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንዱ ባሪየም ነው፤ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ወተት የሚመስል። በጾም ቀን "ወተት ነው አልጠጣም" የሚሉ እናቶች አሉ፤ ወተት አይደለም፣ ከድንጋይ የሚገኝ ማዕድን ነው፣ በውሃ ተበጥብጦ ነው የሚሰጠው። ሌላው አዮዲን ያለበት፣ እንደ ውሃ ቀጠን ያለ፣ መራራ ፈሳሽ ነው። ጋስትሮግራፊን የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል፣ ከዚህ ወገን ነው።

ከቀዶ ጥገና በኋላ የትኛው እንደሚሰጥ መምረጡ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ስፌቱ እንዳያፈስ ነው። ባሪየም በስፌቱ ሾልኮ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከፈሰሰ እዚያው ይቀራል፣ ሆድ ዕቃውን ክፉኛ ያስቆጣል። አዮዲን ያለበት ግን ቢፈስም ሰውነት ይመጠዋል፣ በኩላሊት በኩል ይወጣል። ለዚህ ነው የተሰፋ ጨጓራ ላይ መፍሰስ ሲጠረጠር መጀመሪያ እሱ የሚሰጠው። ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ቋንጣ ላይ ጨው ስትነሰንሱ ከሥጋው ውሃ እንደሚያወጣ፣ ይህም ፈሳሽ ሳይበረዝ ሲጠጣ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። አንጀት ውስጥ ሲሆን ተቅማጥ ያመጣል፣ ይሄ ያልፋል። ሳንባ ውስጥ ከገባ ግን ሳንባው ውሃ ሊሞላ ይችላል፣ ያ አደገኛ ነው። ስለዚህ ስትጠጡ ትን የሚላችሁ፣ ውሃ እንኳ ሲጎነጭ የሚያስለው በሽተኛ የያዛችሁ፣ ጽዋውን ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ለባለሙያው ንገሩ። ከዚህ በፊት በደም ሥር በተሰጠ ኮንትራስት ሰውነቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰውም እንደዚሁ። እርጉዝም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። "ጨጓራዬን ተቀድጃለሁ" ማለት ብቻ አይበቃም። ምኑን? ተበስቶ የነበረ ጨጓራ ተሰፍቶ ከሆነ መጠኑ ብዙም አልተቀየረም። በካንሰር ምክንያት ገሚሱ ወይም ሙሉው የወጣለት ሰው ግን ሌላ ነው፤ ሙሉው ከወጣ የምግብ ቧንቧው በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋር ነው የተያያዘው፣ ማጠራቀሚያ የሚባል ነገር የለውም። ውፍረት ለመቀነስ ውጭ ሄደው ጨጓራቸውን አሳጥበው የሚመጡም አሉ አሁን፤ በአንደኛው ዓይነት ቀዶ ጥገና የሚተርፈው ጨጓራ መጀመሪያ ላይ ከሁለት የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥ፣ በሌላኛው ደግሞ አንድ ስኒም አይሞላ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ለሆድ ሲቲ ስካን ሲመጡ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርብላቸው ያው አንድ ጆግ ነው፤ እስከ አንድ ሊትር፣ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ።

በሽተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ጆጉ አጠገቡ ነው፣ አስታማሚው ቆሞ "በርታ፣ ጨርሰው፣ ሳትጨርሰው አያነሱህም" ይለዋል። በፍቅር ነው የሚለው፣ አውቃለሁ። በሽተኛው ፊቱን ጨፍግጎ አንድ ብርጭቆ ይገለብጣል፣ ሌላ ይደግማል። ትንሽ ቆይቶ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ጨጓራው የወጣለት ሰው ብዙ ፈሳሽ ባንዴ ሲጠጣ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለሚወርድ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ያስመልሰዋል። ሦስተኛው፣ ይሄ በጣም የሚያናድደኝ ነው፣ ነርሷ ዞር ስትል ግማሹን መታጠቢያ ላይ ይደፋና "ጨረስኩ" ይላል። እኛ ምስሉን ስናነሳ አንጀቱ ባዶ ሆኖ ይታያል። ፈሳሽ ያልደረሰበት አንጀት ደግሞ እብጠት ሊመስል ይችላል፣ እውነተኛው እብጠትም ሊደበቅበት ይችላል። ሐኪሙ በምን ይወስን?

ስለዚህ እባካችሁ አፍ አውጥታችሁ "አልቻልኩም" በሉ። ነውር የለውም። "ጨጓራዬ ወጥቷል፣ ይህን ያህል መያዝ አልችልም" ስትሉ ባለሙያው ሰዓቱን ያረዝማል፣ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ያለሱ ያነሳል፤ ሲቲ ስካን ሁልጊዜ የሚጠጣ ነገር አይፈልግም። የጠጣችሁት ሩብ ከሆነ "ሩብ ነው" በሉ። አስታማሚዎችም ማስገደዱን ተዉትና ሰዓት ያዙላቸው፤ ትንሽ ጉንጭ፣ ትንሽ እረፍት፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ።

የስፌት ምርመራው ደግሞ ከዚህ ይለያል፣ መጠኑም ትንሽ ነው። ማሽኑ ፊት ትቆማላችሁ፣ በኩባያ ይሰጣችኋል፣ "ተጎንጭ፣ አፍህ ውስጥ ያዘው፣ አሁን ዋጠው" ትባላላችሁ። ያኔ ስክሪኑ ላይ ነጭ ክር የምግብ ቧንቧውን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ይታያል፣ ስፌቱ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ያልፋል። እኛ የምንፈልገው ከመስመሩ ውጭ ጠብ ያለች ነጭ ነገር አለች ወይ የሚለውን ነው። ለዚህ ነው "ወደ ግራ ዙር፣ ወደ ቀኝ ዙር" የምንለው፤ ፊት ለፊት ያልታየ በጎን ይታያል። ስትዞሩ ቁስሉ የሚያማችሁ ከሆነ አሁንም ተናገሩ፣ ቀስ እንላለን።

ጠያቂዎች ላይ ልምጣ፣ ይሄ ለዕድራችን ነው። ጠዋት በፔርሙዝ አጥሚት ይመጣል፣ ሾርባ ይመጣል፣ ሐሸራ ይመጣል። በሽተኛው ባዶ ሆዱን እንዲሆን ታዝዟል፣ እንግዳው ደግሞ "አንድ ጉንጭ ምን ያደርጋል" ይላል። ያደርጋል። ጨጓራ ውስጥ ያለ ምግብ ምስሉ ላይ እንደ እጢ ሊታይ ይችላል። ጸበልም ሆነ ዘምዘም ከምርመራው በኋላ ይደርሳል፤ ቀድሞ ከተጠጣም መናገር ነው። ጫት ደግሞ፣ አቦ እዚህ ላይ ግልጽ እንነጋገር፣ ጨጓራ ያለበትን ምግብ ቶሎ እንዳያራግፍ ያደርጋል። ከምርመራው በፊት በነበረው ከሰዓት በርጫ ላይ የዋለ ሰው በማግስቱ ጨጓራው ባዶ ነው ብለን መተማመን ይከብደናል። ስፌት ላለበት ሰው ከነጭራሹ ባይቀርብ ነው የምመኘው። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ሊቆይ ከሆነ ዶዙን እንዴት እንደሚያደርግ ከአንድ ቀን በፊት ይጠይቅ። በረመዳን የሚጾም በሽተኛ ካለ ደግሞ ቀጠሮውን ሲይዝ ያንሳው፤ ለታመመ ሰው ቀኑን በኋላ መክፈል እንደተፈቀደ ሼሆቻችን ያስተምራሉ።

ከጠጣችሁ በኋላስ? አዮዲን ያለበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያስቀምጣችሁ ይችላል። ከሐረር ለምርመራ ወርዳችሁ፣ ወይ ከድሬ ወጥታችሁ፣ ምስሉ እንዳለቀ ሚኒባስ ላይ ዘላችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ አትጀምሩት። ትንሽ ቆዩ፣ መጸዳጃ ያለበት ቦታ አረፍ በሉ። በድሬ ሙቀት ላይ ተቅማጥ ሲጨመር ሽማግሌና ሕፃን ቶሎ ይደርቃሉ፣ ስለዚህ ሐኪሙ መጠጣት ከፈቀደ ውሃ ደጋግሞ በትንሽ በትንሹ። ባሪየም የጠጣ ሰው ተቃራኒው ነው፤ ለጥቂት ቀን ሰገራው ነጭ ይሆናል፣ አትደንግጡ፣ ግን ሊያደርቀው ስለሚችል ውሃ ያብዛ።

የመውጫ ወረቀታችሁን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቀዶ ጥገናው ምን እንደነበር እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ይረጥባል፣ ስልክ ግን ኪስ ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ነገር። ምርመራው "አያፈስም" ቢልም ትንሽ ቀዳዳ ሊያመልጠው ይችላል፣ ወይም ስፌቱ ከቀናት በኋላ ሊከፈት ይችላል። በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ትኩሳት ከያዘው፣ ቁጭ ብሎ ልቡ በፍጥነት ከመታ፣ የሆድ ሕመሙ ከባሰበት፣ ግራ ትከሻውን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው "ራጁ ደህና ነው ብሎ ነበር" ብላችሁ አታሳድሩት። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሩና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቀኝ፤ ሰው ፊት መጠየቅ የማይመቸው ደግሞ ውጭ ያግኘኝ፣ እስክንበተን አለሁ።