መጀመሪያ ያያችሁትን ንገሩን

ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ፎቶዎቻችሁን አሳትማችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የራስን ሥራ ሰው ፊት ዘርግቶ "በሉ እዩልኝ" ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ለዚያ ድፍረት የሚመጥን መልስ ልንሰጣችሁ ይገባል። "ቆንጆ ነው" ግን አይመጥንም።

ለምን እንዲህ እንደምል ላውጋችሁ። አንድ ጊዜ ሬንጅፋይንደር በሚባለው የካሜራ ዓይነት ያነሳሁትን የአንዲት አሮጊት ፎቶ ለጓደኞቼ አሳየሁ። "ያምራል"፣ "አሪፍ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ። ግን ምኑ እንዳማረ ሳላውቅ ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቆይቶ አንዲት ሴት አየችውና "ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ከኋላ ወዳለው ነጭ በር ነው፤ እሳቸው ጋ የደረስኩት ዘግይቼ ነው" አለችኝ። አላደነቀችም፣ አልነቀፈችም። ያየችውን ብቻ ነገረችኝ። እኔ ግን ያንን በር እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ አላልኩትም ነበር።

አንድ ሙሉ በር እንዴት ያመልጣል? በዚህ ካሜራ የሠራ ሰው ይገባዋል። የምናየው በሌንሱ በኩል አይደለም፤ ከሌንሱ በላይ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። ፎከስ የምናደርገው ደግሞ መስኮቷ መሃል ባለች ብሩህ ቦታ ላይ ሁለት ምስሎችን ገጥመን ነው። ዓይናችን እዚያች ቦታ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ብዙዎቻችን ሰውን መሃል ላይ ችክል የምናደርገው ለዚህ ይመስለኛል። በዚያ ላይ በመስኮቷ ሲታይ ቅርቡም ሩቁም እኩል ጥርት ያለ ነው። ሌንሱ የቱን እንዳደበዘዘ የምናውቀው ካነሳን በኋላ ነው። መስኮቷ ውስጥ የፎቶውን ጠርዝ የሚያሳዩን የፍሬም መስመሮችም ቢሆኑ ግምት ናቸው። ራቅ ያለ ነገር ስናነሳ፣ ከመስመሩ ውጭ የነበረ ነገር ሾልኮ ጠርዝ ላይ ይገባል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጠርዞቹን አደራ! የተቆረጠ እጅ፣ ግማሽ ምልክት፣ ሳይጠራ የገባ ሰው ካለ ንገሩን። አንዳንዴ ፎቶውን ሕያው ያደረገው ራሱ ያ ያልተጠራ ሰው ይሆናል፤ እሱንም ንገሩን።

ዲጂታል ሲመጣ ይህ ጠባይ አልተለወጠም። በ2004 የወጣው የመጀመሪያው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር፣ ኤፕሰን አር-ዲ1፣ 6 ሜጋፒክስል ነበር። ፊልም ሳይኖረው እንኳ ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት በአውራ ጣት የሚሳብ ማንሻ ነበረው። እኔ ያንን ማንሻ እወደዋለሁ፤ ሰውን ያረጋጋዋል።

ሂስ ስንሰጥ ምርጫውንና የመሣሪያውን ጠባይ መለየት አለብን። በ2006 የወጣው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር፣ ላይካ ኤም8፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በደንብ ስለማያግድ አንዳንድ ጥቁር ጨርቆችን ወይን ጠጅ ቀለም ያደርጋቸው ነበር። መፍትሔው ሌንሱ ላይ ልዩ ፊልተር ማድረግ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው "ቀለሙን ለምን እንዲህ አደረግከው?" ብሎ ሊሞግት ይችላል። በ2012 የመጣው የላይካ ኤም ሞኖክሮም ደግሞ ቀለም ጨርሶ አያነብም። ሰማዩ አንዴ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ከሌላ የቀለም ቻናል (ከቀዩ፣ ከአረንጓዴው ወይም ከሰማያዊው) ተበድሮ የሚመለስ ነገር የለም። ለእሱ ባለቤት "ኤዲት ላይ አስተካክለው" ከማለት "ስታነሳ ብርሃኑን ትንሽ ቀንስ" ማለት ይጠቅመዋል። "ጠጋ ብትይ ኖሮ" የምትሉም አላችሁ። ብዙዎቹ የዚህ ካሜራ ሌንሶች ከ70 ሴንቲሜትር በታች ፎከስ አያደርጉም። ምናልባት የመጨረሻው ድረስ ተጠግታ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምለው ግን ለፎቶ አንሺዎች ማምለጫ እንዲሆን አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ "ካሜራው እኮ…" ብሎ አያስረዳም። ተመልካቹ የሚያገኘው ያንን ወረቀት ብቻ ነው። ነጩ በር የኔ ጥፋት ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብል ኖሮ አሮጊቷ ከጨለማው ግድግዳ ፊት ይሆኑ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ብንሄድ ደስ ይለኛል። ፎቶው ሲቀርብ ያነሳው ሰው ዝም ይላል። የሌንስ ስም አይጠራም፣ ታሪኩም አይነገርም። እኛ ዓይናችን ቀድሞ የት እንዳረፈ፣ ከዚያ ወዴት እንደሄደ፣ የት እንደተደናቀፈ እንናገራለን። ምን እንደተሰማን እንናገራለን። ባለቤቱ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምን ፈልጎ እንደነበር፣ ካሜራው የት እንዳስቸገረው። ያኔ ያሰበው ነገር ደርሶን እንደሆነ አብረን እናያለን። ስለ ፎከስ ጥራት ከሆነ ግን ረጅም ሰዓት ባናጠፋ እመርጣለሁ። ትንሽ የደበዘዘ ፊት ሆድ ሲያባባ አይቻለሁ።

በሉ፣ የመጀመሪያው ፎቶ ይኸው። መብራቱን ትንሽ ጠጋ አድርጉልኝ። አንድ ደቂቃ ዝም ብለን እንየው፤ ከዚያ ከኋላ ካሉት እንጀምራለን።