መርፌውን ጥረጊው

ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር፤ ወረቀቱም እዚሁ ፊቴ ተቀምጧል። እማዬ እሑድ ዕለት ያለችው ግን አልለቅ ብሎኛል።

እማዬን መቼም ታውቋታላችሁ። ቡና እየቆላች ነበር። እኔ ስልኬን መደርደሪያው ላይ አቁሜ ፖርቲስሄድ የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ከፈትኩ። አዎ፣ እንደገና፤ ክረምት ሲገባ እንዴት እንደምሆን ለእናንተ አልነግርም። ቡናው ምጣዱ ላይ ይንጣጣል፣ ስልኬ ውስጥም ሸክላው ይንጣጣል። እማዬ ቀና እንኳ ሳትል፣ «መርፌውን ጥረጊው እንጂ፣ አቧራ ይዟል» አለችኝ።

ስልክ ነው፤ መርፌ የለውም። እሷ ግን የሰማችው አያቴ ቤት የነበረውን ማጫወቻ ነው። መርፌው ሲዘልባቸው ክንዱ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ እንደነበር፣ ሸክላ በጣቱ የነካ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው፣ ሁሉንም ምጣዱን እያወዛወዘች ነገረችኝ።

እኔም የምወደውን ታሪክ አመጣሁላት። ከፖርቲስሄድ መሥራቾች አንዱ፣ ጄፍ ባሮው የሚባል እንግሊዛዊ አለ፤ ብሪስቶል ውስጥ ኮች ሃውስ በሚባል ስቱዲዮ ገና በልጅነቱ ሻይ እያፈላ፣ የቴፕ ክር እያዘጋጀ ጀመረ፤ ማሲቭ አታክ የሚባሉት የዚያው ከተማ ሙዚቀኞች የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲቀዱ እዚያው ነበር። በፈረንጆቹ 1991 ሥራ ለሌላቸው ሰዎች በተዘጋጀ የመንግሥት ፕሮግራም ላይ ቤት ጊበንስ ከምትባል ዘፋኝ ጋር ተገናኘ። የሂፕ ሆፕ ሰው ነውና ከድሮ ሸክላ ቁራጭ እየወሰደ ምት ይሠራል፤ ከአሜሪካዊው የሶል ዘፋኝ ከአይዛክ ሄይስም ወስዷል። ነገር ግን የባንዱ ሰዎች ራሳቸው የተጫወቱትንም ሸክላ ላይ አሳተሙት። ከዚያ ሸክላውን መሬት ላይ ጥለው ተራመዱበት፤ እንደ ስኬትቦርድም ተንሸራተቱበት። ሲያረጅላቸው አንስተው፣ እንደ ሌላ ሰው የድሮ ዘፈን ቆርጠው ተጠቀሙበት።

እማዬ ምጣዱን አቆመች። «የገዛ ሸክላቸውን? በጫማ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ይህን ታሪክ ለስንት ሰው ነግሬያለሁ! ሁሉም «ይገርማል» ይላል። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። «ያረጀ እንዲመስል» አልኳት። ዝም አለች። ቡናው ሊያርር ደርሶ ነበር።

የአያቴ ሸክላዎች የተጫጫሩት ስለተወደዱ ነው። አንድ ዘፈን ስንት ጊዜ ቢደገም ነው እንደዚያ የሚሆነው? ባሮው ያንን በአንድ ቀን በጫማው አመጣው። ይህ ማታለል ነው? እሑድ ማታ አዎ ብዬ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ያ የተሠራ አቧራ እናቴን በአንድ አፍታ አባቷ ቤት እንዳደረሳት ትዝ አለኝ፤ እኔ በስንት ጥያቄ ያላወጣሁትን ታሪክ አወጣላት። እንግዲህ...

አልበሙ በፈረንጆቹ 1994 ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት መርኩሪ የሚባለውን የብሪታንያ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ሁለተኛው በ1997፣ ሦስተኛው በ2008። አሥራ አንድ ዓመት! ሦስተኛውን ስትሰሙት ያ የሸክላ ሙቀት የለም፤ ከበሮው እንደ መትረየስ ይደበድባል። ሁሉም ሰው ያንን አቧራ ሲኮርጅ ባሮው ሊሸሸው የፈለገ ይመስለኛል። ስሜቴ ነው፣ አልከራከርበትም። በ2012 ደግሞ ኩዌከርስ ከሚባለው ስብስብ ጋር በአንድ አልበም 41 ዘፈን ይዞ መጣ፤ ንጹሕ ሂፕ ሆፕ፣ አብዛኛው አጭር፣ ራፐሮቹ እየተቀባበሉ። አሥራ አንድ ዓመት ያስጠበቀን ሰው! ስሰማው ያ ሻይ የሚያፈላው ልጅ በደስታ ሲሮጥ ይታየኛል። የፊልም ሙዚቃውን ከነካሁ ግን አላቆምም፤ ይቅር።

«ለምን» ያለችው ግን አሁንም አለ። የድምፅዋ ነገር... ተግሣጽ አልነበረም። ሸክላው አሳዝኗት ነበር።

የአያቴ ሸክላዎች የት እንደደረሱ ልጠይቃት እያልኩ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መብራት አውርተን ዘጋን። ምናልባት የመጣው እሑድ ስሄድ... ወይም ዘፈኑን ከፍቼ ዝም እላለሁ፣ እሷ ራሷ ከ...