ከስለቱ በፊት ደመወዙ

(በድሬዳዋ፣ የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ ተሳታፊዎች በተሰበሰቡበት የሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የጉዞው አስተባባሪዎች «ሃይማኖታችንን በዕለት ኑሯችን ውስጥ» በሚል ርእስ እንድናገር ጠየቁኝ። ሰባኪ አይደለሁም። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እናቶቻችሁ ሽሮውንም በርበሬውንም ቀፊራ ገበያ ከእኔ እየሸመቱ ነው ያሳደጓችሁ። ይህንኑ ስነግራቸው «እማማ፣ ያዩትን ይንገሩን» አሉኝ። እሺ፣ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

ቀትር ላይ ድሬ ሱቋን ዘግታ ስታርፍ፣ እኔ ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ። የዘመናት ልማዴ ነው። ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ጌታችን ምሳሌውን ከየት እንደሚያመጣ ነው። ከእኛ ጓዳ ነው የሚያመጣው። እርሾ ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ የሸሸገችውን ሴት ያነሳል። ከአሥር ድሪም አንዱ ጠፍቶባት፣ መብራት አብርታ ቤቷን የጠረገችውን ሴት ያነሳል። ጨው፣ መረብ፣ ዘር፣ የበግ በረት፤ ሁሉም የሠራተኛ ሰው ዕቃና ሥራ ነው። እርሱ ራሱም በናዝሬት «ጸራቢው» ተብሎ ተጠርቷል።

ከሁሉም ግን የወይኑ ቦታ ሠራተኞች ነገር ልቤን ይይዘዋል። ማቴዎስ 20 ላይ ነው። ባለቤቱ ማለዳ ወጥቶ ሰው ቀጠረ። በሦስት ሰዓት ወጣ፣ በስድስት ሰዓት ወጣ፣ በዘጠኝ ሰዓት ወጣ። በአሥራ አንድ ሰዓት ወጥቶ ደግሞ ሥራ ፈትተው የቆሙ ሌሎች አገኘ። ሰዓቱ ልክ እንደኛ አቆጣጠር ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ሳያገኝ የቀረ ሰው ምን እንደሚመስል ድሬ ውስጥ ያላየ የለም። ከንጋት ጀምሮ አካፋውን ይዞ ቆሟል። ፀሐዩ አንገቱን ጠብሶት፣ አሁን በረድ ማለት ጀምሯል። ቤት ሲገባ ልጆቹ እጁን እጁን ያያሉ።

«በመሸም ጊዜ» ይላል ወንጌሉ። በመሸም ጊዜ ባለቤቱ አዛዡን ጠርቶ «ደመወዛቸውን ስጣቸው» አለው። ሰባኪዎቻችን ስለ ባለቤቱ ቸርነት ያስተምሩናል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ሁልጊዜ እዚያች «በመሸም ጊዜ» የምትለው ላይ እቆማለሁ። በዚያው ቀን ከፈለ። ነገ ተመለሱ አላላቸውም። ከበዓሉ በኋላ አላላቸውም።

ለምን እዚህ ላይ እንደምቆም ልንገራችሁ።

ከሂርና ወደ ድሬ የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ በሰው ቤት ልሠራ። የቀጠሩኝን እመቤት ስም አልጠራም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ደግ ሴት የሚባሉ ነበሩ። ጾም አይሽሩም፣ ቅዳሴ አያስታጉሉም። ደመወዜ ግን እሳቸው ጋ ይቀመጥ ነበር። «ልጅ ነሽ፣ ታጠፊዋለሽ፤ እኔ ጋ ይጠራቀም» አሉኝ። እሺ እትዬ አልኩ። ምን እላለሁ?

አንድ ዓመት ልጃቸው በጠና ታመመና ተሳሉ። «ቁልቢ ገብርኤል፣ ልጄን ብታድንልኝ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥላ አገባልሃለሁ» አሉ። ልጁ ዳነ። አይቻለሁ፣ እኔው ነኝ ያስታመምኩት። ስለታቸው የእውነት ነበር፣ እንባቸውም የእውነት ነበር። ነገሩ ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ጥላው ከአዲስ አበባ በባቡር መጣ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየው። ታኅሣሥ ሲገባ የጉዞው ስንቅ ተጀመረ። ቆሎ ቆላሁ፣ ዳቦ ደፋሁ፣ በሶ ፈጨሁ። በዚያው ሳምንት ከሂርና ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እናቴ ታማለች፣ መድኃኒት መግዣ የለም ይላል። ደብዳቤውን ይዤ እትዬ ፊት ቆምኩ። የተጠራቀመችውን ደመወዜን እንዲሰጡኝ ለመንኩ። የገዛ ገንዘቤን ነው የለመንኩት።

«አሁን በስለት ተወጥሬ? ከቁልቢ ስንመለስ» አሉኝ።

የደንገጎን ዳገት ወጥተን ቁልቢ ገባን። ስንቁን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የቁልቢን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ለድሬ ሰው አጥንት ድረስ ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ይጎርፋል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ። በጉልበቱ የሚሄድ አለ። «ገብርኤል የሰጠኝ ነው» ብላ ሕፃኗን ልታስጠምቅ የመጣች አለች። ሲነጋ ያ ጥላ ተዘረጋ። እልልታው ምድርን አናወጠው። እኔም እልል አልኩ፤ አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሎኝ ነው እልል ያልኩት። ስለ እናቴም ጸለይኩ።

ተመለስን። ደመወዜን ጠየቅሁ። «ስለቱ ብዙ አስወጣኝ፤ እስቲ የሚቀጥለውን ወር እንይ» አሉኝ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ያ ጥላ የማን ነበር?

በራችን ላይ ሳምቡሳ የምትሸጥ አንዲት ሶማሌ እናት ነበረች። ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሳለቅስ አየችኝ። ምን ሆንሽ አለች፤ ነገርኳት። ከሽርጧ ጫፍ ቋጠሮዋን ፈታች። የአውቶቡሱንም የመድኃኒቱንም ሰጠችኝ። ሳምቡሳ ሸጣ የያዘችው ያው ነበር። ከዚያ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «በእኛ ነቢዩ፣ የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጡት ብለዋል። የእናንተ መጽሐፍ አይልም?»

መልስ አልነበረኝም፤ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ማንበብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያንን ጥያቄ ይዤ ነው የተማርኩት። እና ይላል! የእኛም መጽሐፍ ይላል። ኦሪት ዘዳግም 24 የድሀውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ ክፈለው ይላል። ድሀ ነውና፣ ነፍሱ በእርሷ ላይ ተንጠልጥላለችና፤ ወደ እግዚአብሔር ቢጮኽብህ ኃጢአት ይሆንብሃል ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ በምዕራፍ 5 የባሰ ይናገራል፤ የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል።

እናቴ ተረፈች። የዚያችን እናት ብድር መልሻለሁ፤ ልጆቿም ዛሬ ቀፊራ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ታውቋቸዋላችሁ። ሉቃስ 10 ላይ የተደበደበውን መንገደኛ ካህኑ አልፎት ሄደ፣ ሌዋዊውም አልፎት ሄደ፤ ቁስሉን ያሰረለት ሳምራዊው ነው። ያንን ምዕራፍ ሳነብ የማየው የእሷን እጅ ነው።

የእኔ ደመወዝ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

ይህን የማወራው የሞተ ሰው ለመክሰስ አይደለም። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ለዘንድሮው ታኅሣሥ 19 ስለት አዘጋጅቶ የሠራተኛውን ደመወዝ የያዘ ሰው ስላለ ነው። አለ! እኔ ገበያ ነው የምውለው፤ ሠራተኞቻችሁ እኔ ጋ መጥተው ያለቅሳሉ። «እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው የያዝኩባት» የምትሉ አላችሁ። «የዛሬ ሠራተኛ ክፉ ናት፣ ደመወዟን ስትቀበል ለበዓል ትታን ትጠፋለች» ትላላችሁ። ሰምቻችኋለሁ። እኅቴ፣ ይህ ሰውን በገዛ ላቡ ማሰር ነው! ቤትሽ ደስ ቢላት ትጠፋ ነበር?

ቅዱስ ገብርኤል ጥላ አጥቶ አያውቅም። ወርቅም አልጎደለውም። ጌታችን በማቴዎስ 5 ምን አለ? መባህን ወደ መሠዊያው ስታመጣ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፤ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ አለ። አስቀድመህ ነው ያለው! መባው ይቆያል። መሠዊያውም የትም አይሄድም። የልጅቷ እናት ግን እስከዚያ ላትቆይ ትችላለች።

ስለት አታግቡ እያልኩ አይደለም። እኔም ስለት አለብኝ፣ አገባለሁ። ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ነው ቁልቢን ያሠሩት ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። ስለት ቃል ነው፣ ቃል ደግሞ ይከበራል። ለሠራተኛሽ «በወር ይህን ያህል እከፍልሻለሁ» ያልሽውስ ቃል አይደለም? እርሱንስ የሰማ መልአክ የለም?

ታኅሣሥ 19 የምናከብረው እኮ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶን እሳት የወጡበትን ነው። ትንቢተ ዳንኤልን ክፈቱት። ሦስቱ ልጆች ምን ይሠሩ ነበር? በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ የተሾሙ ሠራተኞች ነበሩ። ፈተናው የመጣባቸው ምርኮኛ በሆኑበት አገር፣ በአለቃቸው በንጉሡ ትእዛዝ ነው። መለከቱ ሲነፋ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ንጉሡ ላቆመው ምስል ሰገዱ፤ እነሱ ቆመው ቀሩ። እንጀራቸውን ብቻ ሳይሆን ነፍሳቸውን የሚያሳጣ ነገር ነበር። ልጆቼ፣ በተለይ መንግሥት ሥራና ባንክ የገባችሁ፣ ይህን ታሪክ የሕፃናት መዝሙር ብቻ አታድርጉት። ነገ አለቃችሁ የሐሰት ወረቀት ፈርሙ ሲላችሁ እቶኑ ያ ነው።

ሌላም ሌላም ብዙ ነበረኝ፤ ሰዓቱ ሄደ።

ስለ ሚዛን አንድ ቃል ልበል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ነጋዴዎች እዚህ አላችሁና። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል ምሳሌ 11። በርበሬ ላይ ውኃ መርጨት፣ ከሚዛኑ ሥር መግነጢስ መለጠፍ አባይ ሚዛን ነው። በታኅሣሥ ወር የመኪና ዋጋ እጥፍ የምታደርጉ ሹፌሮችም ከዚህ አትወጡም፤ ተሳላሚ ነው የምትዘርፉት።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከእኛ መካከል ቤተሰብ የቀበራችሁ አላችሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጠዋት ያን ጭቃ ከቤታችን ዝቆ ያወጣልን ማን ነበር? አካፋ የያዘው የቀን ሠራተኛ ነው። ዛሬ በር ላይ ቆሞ «ሂሳቤን» ሲል «ባለቤቱ የለም» የምናስብለው ያንኑ ሰው ነው።

አሁን የምጠይቃችሁን ልጠይቅና ልውረድ።

የጉዞው አስተባባሪዎች፣ መዝገቡ ላይ ስም ስትጽፉ ስልክ ትጠይቃላችሁ፣ ገንዘብ ትቀበላላችሁ። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «የያዝከው የሠራተኛ ደመወዝ አለ?» በሉ። አለ ካለ ከፍሎ ይምጣ፤ ወንበሩ ይጠብቀዋል። አባቶች ካህናትም ለንስሐ ልጆቻችሁ ይህንኑ ንገሩልን፤ ከእኔ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

ሌላው፣ እሑድ እሑድ ቤታችሁ ቀርታ ወጥ የምትሠራው ልጅ ክርስቲያን ናት። እናንተ ቅዳሴ ስትቆሙ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። እናንተ ስትቆርቡ እሷ ምሳውን ታሞቃለች። መቼ ነው የቆረበችው? ማን ጠየቃት? በየተራ አብስሉ፤ ወይም አንድ እሑድ ምሳው ይዘግይ።

ለታኅሣሥ 19 ሁለት አውቶቡስ ተይዟል፣ ቦታም አለ ብለውኛል። ስንቅ እንድትሸከም አይደለም፣ እንደ እናንተው ተሳላሚ ሆና እንድትሄድ፣ የሠራተኛችሁን ስም ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት አስመዝግቡ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። መክፈል ለማይችል የአንድ ሰው ዋጋ እኔ እሸፍናለሁ። ሌሎች ነጋዴዎችም ስማችሁን አጠገቤ ጻፉ፤ እዚያው ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።